አሸናፊውን ሳያይ ድምፅ የማይሰጠው ቫልዲቪኖ

ቫልዲቪኖ የአክስቴ ልጅ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «ሐሜተኛ ናት» እንዳትሉኝ ነው። ሐሜት ሰው በሌለበት የሚወራ ነው፤ እኔ ግን እዚህ የማወራውን ሁሉ ቁርሱን እያቀረብኩ በፊቱ ብዬዋለሁ። በላጎአ ሴሬና ከተማ፣ አደባባዩን ተሻግሮ ከምክር ቤቱ ትይዩ ያለችው ትንሽ ምግብ ቤት የእኔ ናት። ሊንዳውራ እባላለሁ። የምክር ቤቱ አባላት ከስብሰባ በፊት ኩስኩስ በእንቁላል እኔ ዘንድ ይበላሉ፣ ከስብሰባ በኋላ ቡናቸውን እኔ ዘንድ ይጠጣሉ። በመካከል ምን እንደሠሩ እነሱም አጣርተው አያውቁትም።

ከቫልዲቪኖ የቅርብ ዘመዶች የመንግሥት ደመወዝ የማልበላ እኔ ነኝ። ጠይቆኝ ነበር። «ማዘጋጃ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ልፈልግልሽ፣ ሥራ የሌለበት ሥራ ነው» ሲለኝ «ታዲያ ይህን ሁሉ ሥራ ፈት ቁርስ ማን ያበላዋል?» አልኩት።

የትውልድ መንደራችን ካታቬንቶ ይባላል። ከከተማው በአቧራ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ዝናብ የሚረሳው ቦታ ነው። እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ የቫልዲቪኖ እናት፣ አክስቴ ኤርሜሊንዳ ናቸው፤ ስለዚህ ወንድሜ ነው ብልም አልዋሸሁም። ቫልዲቪኖ ገና ጢም ሳያበቅል በአህያ ውሃ ያመላልስ ነበር። ኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣና የማዘጋጃ ቤቱ የውሃ ቦቴ ሾፌር ሆነ። የዚያን ጊዜውን ቫልዲቪኖ ብታዩት ትወዱት ነበር። የቦቴዋን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ይጠርግላት ነበር እንጂ ከመጠጥ ውሃው አንዲት ጣሳ አይነካም።

በአንድ ክፉ የድርቅ ዓመት የአንድ ትልቅ ባለመሬት ሰዎች መንገድ ላይ ጂፕ ገትረው አስቆሙት። ውሃውን መጀመሪያ ለከብቶቹ እንዲያራግፍ፣ የተረፈውን ለመንደሩ እንዲወስድ ነገሩት። ቫልዲቪኖ ከመሪው ሳይነሳ «ላሞቹ ወረፋ ይያዙ» ብሏቸው ጂፑን በሜዳ ዞሮ አለፈ። ንግግሩ ከቦቴዋ ቀድሞ ካታቬንቶ ደረሰ። ሰው ሁሉ ለማንኛውም ነገር «ላሞቹ ወረፋ ይያዙ» ማለት ጀመረ፤ እኔ ራሴ ሳልጠራቸው ወጥ ቤት ድረስ ለሚገቡ ደንበኞች እላቸው ነበር። በዚያችው ንግግር ለምክር ቤት ተወዳደረ፣ ተመረጠም።

የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ቫልዲቪኖ ሰው ነበር። ስምንት ለአንድ ይሸነፍና ሸሚዙን ወደ ሱሪው እየከተተ እየሳቀ ይመጣል። «ዛሬስ?» ስለው «ስምንቱም ተሳሳቱ» ይለኛል። በከንቲባው ላይ ተናገረ፣ በነጋዴው ላይ ተናገረ፣ በቄሱ ወንድም ላይ ሳይቀር ተናገረ። ምርጫ ሲደርስ ከንቲባው፣ ነጋዴውና የቄሱ ወንድም አንድ ላይ ሆነው ጣሉት።

ያበላሸው ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ ነው። ቦቴዋን አልመለሱለትም፤ ለሌላ ሾፌር ሰጥተዋታል። ጠዋት ይመጣና ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጦ አንድ ሲኒ ቡና እስከ ምሳ ሰዓት ያቆያል። ትናንት «የተከበሩ» እያሉ ወንበር ይስቡለት የነበሩ ሰዎች አሁን «ሰው አለበት?» ብለው ወንበሩን ከአጠገቡ ይወስዱታል። ሚስቱ ኑቢያ የሰው ልብስ ትሰፋ ጀመር። አንድ ቀን ሳህን ስሰበስብ ቀና ብሎ «ሊንዳውራ፣ ሥራ የሌለው ሰው ጥላ እንኳ የለውም» አለኝ። ያን ቀን አንጀቴን በላው። ዛሬም ስናደድበት ያችን ቀን አስታውስና ከቁጣዬ ግማሹን እተወዋለሁ። ግማሹን ብቻ።

ብዙ ቆይቶ ተመልሶ ሲመረጥ የመጣው ሌላ ሰው ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ወንበሩን «አደራዬ» ማለት ትቶ «ሥራዬ» ይለው ጀመር። «ሥራዬ እንዳይነካ ነው»፣ «ሥራዬን ላጣ ነው እንዴ?»፣ «ይህ ነገር ከሥራዬ ጋር አይሄድም።» ምን እንደሚሠራ ብትጠይቁት ግን ዕለቱን ሙሉ ሥራውን እንዳያጣ ሲጠብቅ ነው የሚውለው።

በምክር ቤታችን የቆየ ልማድ አለ፤ ድምፅ የሚሰጠው ከታናሽ ወደ ታላቅ ነው። ታላቁ መጨረሻ የሚናገረው ወጣቶቹ እሱን ሰምተው እንዳይፈሩ ተብሎ ነው። ቫልዲቪኖ ከዘጠኙ በዕድሜ ታላቅ ሲሆን ይህ ልማድ ለእሱ የተሠራ መሰለው። ስምንቱ ድምፃቸውን ሲሰጡ በጣቱ ይቆጥራል፤ ከዚያ ብዙው ወዳጋደለበት ያጋድላል። በዚህ አኳኋን ተሸንፎ አያውቅም። «አድር ባይ» ሲሉት «ልምድ ነው» ይላል። ከንቲባውም ውለታ አይረሳም፤ ከየድሉ በኋላ አንድ ዘመድ ማዘጋጃ ቤት ይገባል። ኑቢያ መዝገብ ቤት ገባች። ልጁ ግሌይሲ ጤና ጣቢያ ገባች። አማቹ ዣይልሶን መኪና ስምሪት ገባ። የወንድሙ ልጅ ኤዲቫን የስታዲየም ጥበቃ ሆነ። ከተማችን ስታዲየም የላትም። ይህን ብነግረው «ታቅዷል እኮ! ሲሠራ ጥበቃው ዝግጁ ነው» አለኝ፣ ሳያፍር።

አምና በደረቁ ወራት ወደ ካታቬንቶ የሚሄደው የውሃ ቦቴ ቀረ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ማዘጋጃ ቤቱ ሲጠየቅ «ሄዷል» ይላል። እውነትም ሄዷል፤ የሄደው ግን የከንቲባው የዶክተር ኦታሲሊዮ ወንድም በዋናው መንገድ ዳር ወዳቆመው ሆቴል ነው። ሆቴሉ መዋኛ ገንዳ አለው። አንሶላ ለማጠብ የተቀጠሩ ሁለት የካታቬንቶ ሴቶች ያችን የሚያውቋትን ቦቴ ቱቦዋን ገንዳው ውስጥ ነክራ አገኟት። አንደኛዋ በስልኳ ፎቶ አነሳች። በማግስቱ ፎቶውን ያላየ ሰው ቢኖር ከንቲባው ነው፤ እሱም «መነጽሬን አልያዝኩም» እያለ።

ሕዝቡ ጮኸ። መርማሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ኮሚቴውም ነገሩ እውነት ነው አለ። የቀረው ሐሙስ ድምፅ መስጠት ነው። ከንቲባውን ከሥልጣን ለማንሳት ከዘጠኙ አባላት የስድስቱ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ከተነሳ ምክትሉ ጉሜርሲንዶ ይተካል። ውሃው ተሰርቋል፣ ሌባው ታውቋል፣ ታዲያ ምን ያጠራጥራል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደእናንተ ብዬ ነበር። ያን ሰሞን ግን ከጠረጴዛዎቼ መካከል የምሰማው እንዲህ ያለ ነበር።

«አንተ ወዴት ነህ?» ይላል ከአባላቱ አንዱ፣ ባለፋርማሲው።

«እኔ ከሕሊናዬ ጋር ነኝ» ይላል ጓደኛው።

«ሕሊናህስ ወዴት ነው?»

«ገና አልወሰነም። የአንተስ?»

«የእኔ የአንተን እየጠበቀ ነው።»

ስለ ውሃው ያነሳ አልነበረም። ከንቲባው ካልተነሳ በእሱ ላይ የቆመ ሰው ዘመዶቹ ይበተናሉ፤ ከተነሳ ደግሞ ከእሱ ጋር የቆመ ይበተናል። ጥያቄያቸው «ማን ያሸንፋል?» የሚል ብቻ ነበር። ሁሉም የሌላውን አፍ ስለሚያይ ማንም አፉን አይከፍትም፣ ለእንቁላሉ ካልሆነ በቀር።

ከዕለታት አንድ ጠዋት ዶክተር ኦታሲሊዮ ራሱ መጣና ቫልዲቪኖን ከኋላው አቀፈው።

«ወንድሜ ቫልዲቪኖ! ግሌይሲ እንዴት ናት? ጤና ጣቢያው ያለ እሷ ምን ይውጠው ነበር!»

«ደህና ናት ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እሱም ይመስገን፣ እኔም ትንሽ ልመስገን እንጂ!» ብሎ ሳቀ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። አንተ ብልህ ነህ፣ አትቆጭም። ሐሙስ ልተማመንብህ?»

«ይተማመኑ ዶክተር።»

በማግስቱ ምክትሉ ጉሜርሲንዶ በዚያው ወንበር ተቀመጠ። ወጣት ነው፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይገባል።

«ጋሼ ቫልዲቪኖ፣ እንደ አባቴ ነው የማይዎት። እኔ ከገባሁ ከእርስዎ ሰዎች አንድም ከወንበሩ አይነቃነቅም። እንዲያውም አንድ እጨምራለሁ።»

«የት ላይ?»

«የትም። እርስዎ ይምረጡ።»

«ሐሙስ ይተማመኑብኝ» አለ ቫልዲቪኖ።

ሰውየው እንደወጣ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ፊቱ ቆምኩ።

«ለሁለቱም ቃል ሰጠህ እኮ፣ አንተ ሰው!»

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ሲባልም ሰምቻለሁ።»

«ማን ይወጣል? እኔ ከታች ቆሜ የትኛው እንደሚወድቅ ነው የማየው። መጨረሻ ነኝ እኮ ሊንዳውራ! ከእኔ በፊት ስድስት ከሞላ ሰባተኛ እሆናለሁ። ብዙ ከጎደለ ደግሞ ከንቲባው አለ፣ ከእሱ ጋር እቆማለሁ። እዚህ ውስጥ ኃጢአቱ የቱ ጋ ነው?»

«አምስት ሆኖ ቢቆምስ?»

«አንቺ ደግሞ፤ ፖለቲካ አታውቂም» አለና ሁለተኛ እንቁላል አዘዘ።

በገበያ ቀን አክስቴ ኤርሜሊንዳ ከካታቬንቶ መጡ። በሰው ፒካፕ ተጭነው፣ ባዶ ጀሪካን ይዘው። ጀሪካኑን ከቧንቧዬ እየሞላሁላቸው ቫልዲቪኖ በጓሮ በር ገባ። እናቱን ሲያይ ሊመለስ ምንም አልቀረውም፤ ከዚያ እጃቸውን ሳመ።

«ሐሙስ ምን ልትል ነው?» አሉት ቀጥታ።

«እማዬ፣ ፖለቲካ ውስብስብ ነገር ነው።»

«ውሃ ምኑ ነው የሚወሳሰበው? ወይ ይመጣል ወይ አይመጣም።»

«እርስዎ የማያውቁት ነገር አለ። ግሌይሲ አለች፣ ኑቢያ አለች... ሥራቸው...»

«እኔም አለሁ» አሉ አክስቴ። «ሰባት ቤት ሰው ጥሎ ሄዷል። ኩሬው ጭቃ ሆኗል፣ እሱንም ከአህዮች ጋር ተጋፍተን ነው የምንቀዳው። አንተ ያደግህበት ኩሬ ነው።»

«አውቃለሁ እማዬ። አይስጉ። እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እግዚአብሔር ከምክር ቤቱ አባላት አንዱ አይደለም። እኔ የጠየቅኩት አንተን ነው።»

ቫልዲቪኖ ጀሪካኑን ተሸክሞ እስከ ፒካፑ አደረሰላቸው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤቴን ዘግቼ ገባሁ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሏል፤ ስብሰባው በከተማው ራዲዮ ይተላለፋል፣ አደባባዩ ላይ ድምፅ ማጉያ ተተክሏል። በእኛ አገር እንዲህ ባለ ቀን ድምፅ ዝም ብሎ አይሰጥም፤ ለሰው መታሰቢያ ይደረጋል። ማይክራፎኑን የያዘ አባል በቴሌቪዥን እንዳያቸው የዋና ከተማው ትልልቅ እንደራሴዎች ሁሉ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ የሞቱትንና የሚወለዱትን ሳይጠራ ለቅቆ አይቀመጥም።

ሰብሳቢዋ ዶና ዙሌይካ ደወሏን መታች፣ ድምፁም ከታናሹ ተጀመረ። እሱም ድምፁን በነሐሴ ለምትወለደው ልጁ መታሰቢያ አድርጎ «ይነሳ!» አለ። ቀጥሎ ያለው ለወረደው የእግር ኳስ ቡድናችን መታሰቢያ አድርጎ «አይነሳ!» አለ። ባለፋርማሲው ለአባቱ ነፍስ፣ ለደንበኞቹና ለቅዱስ ፍራንሲስ በዓል አዘጋጆች አድርጎ ሲያበቃ ምን እንደመረጠ ረስቶት ዶና ዙሌይካ ማስታወስ ነበረባት፤ «ይነሳ» ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ራሷ ዶና ዙሌይካም ሰጥታ፣ ስምንቱ አለቁ።

አምስት ይነሳ፤ ሦስት አይነሳ።

ቫልዲቪኖ ጣቶቹን አየ። እንደገና ቆጠረ። ከዚያ እጁን አውጥቶ ዶና ዙሌይካ ድምሩን እንድትደግምለት ጠየቀ። ደገመችለት። አምስትና ሦስት። አሸናፊውን ሲጠብቅ የኖረውን ሰው አሁን አሸናፊው እሱን ይጠብቀው ጀመር። ድምፅ ቢያቅብም ከንቲባው መዳኑ ነው፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ አዳራሹም ያውቃል።

«የተከበሩ ቫልዲቪኖ፣ ድምፅዎን» አለች ዶና ዙሌይካ።

«ላሞቹ ወረፋ ይያዙ በላቸው!» ብሎ አንድ የካታቬንቶ ሰው ከመስኮት ጮኸ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እውነቴን ነው፣ ያን ሰዓት ሊያደርገው ነው ብዬ አምኜ ነበር።

ተነሳ፤ ማይክራፎኑን ያዘ። ጊዜ ለመግዛት መታሰቢያውን ጀመረ።

«ይህ ድምፅ መታሰቢያነቱ ለውድ ባለቤቴ ለኑቢያ ይሁንልኝ፤ በመዝገብ ቤት ሕዝቡን በትጋት ለምታገለግለው። ለልጄ ለግሌይሲ፤ ለጤና ጣቢያችን ዓይን። ለአማቼ ለዣይልሶን፤ በመኪና ስምሪት...»

መጀመሪያ የሳቀው አንድ ሰው ነበር፤ ከዚያ ሳቁ በየወንበሩ ዞረ። ቫልዲቪኖ ሳቁ ድጋፍ መሰለው መሰለኝ፣ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ለወንድሜ ልጅ ለኤዲቫን፤ የስታዲየማችን ጠባቂ!»

«የቱ ስታዲየም?» አለ ከኋላ አንዱ።

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቫልዲቪኖ በራዲዮ፣ በድምፅ ማጉያ፣ ቤተሰቡን ከነሥራ ቦታው አንድ በአንድ ጠርቶ ጨረሰ። እኔን ሳይጠራኝ ሲቀር ኩስኩሴን አመሰገንኩ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲህ አለ፦

«ከሁሉም በላይ ውለታ እንዳልረሳ ላስተማሩኝ እናቴ ለኤርሜሊንዳ መታሰቢያ ይሁን። አይነሳ!»

ማታ በጓሮ በር ሲመጣ ልሰድበው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ፊቱን ሳየው አቃተኝ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አለኝ ወንበር ላይ ሳይቀመጥ። «ጉሜርሲንዶ ልጅ ነው፤ ነገ ይክደኛል። ኦታሲሊዮ ግን ውለታ ያውቃል።»

የአካባቢያችን ዐቃቤ ሕግ የሆነችው ሴትዮ በአጎራባች ከተማ ምሳዋን ዘግይታ እየበላች ራዲዮ ታዳምጥ ነበር አሉ። በሕጉ የምክር ቤት አባል ዘመዶቹን ለውለታ ብሎ ማስቀጠር አይችልም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ማይክራፎን ይዞ ስለማይናገረው ነው እንጂ። ሴትዮዋ በማግስቱ ለማዘጋጃ ቤቱ ደወለች። ከንቲባውም በራዲዮ ቀርቦ «በእኔ አስተዳደር ሕግ ይከበራል!» ብሎ ኑቢያን፣ ግሌይሲን፣ ዣይልሶንንና ኤዲቫንን በአንድ ጠዋት አሰናበታቸው። ስታዲየማችን ያለ ጠባቂ ቀረ።

ቫልዲቪኖ ከንቲባውን እኔው ቤት፣ ቡናውን ሲጠጣ ያዘው።

«ዶክተር፣ ወንበርዎን ያዳንኩት እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ ወንድሜ! እስክሞት አልረሳውም። ግን ሰዎቹን በስም የጠራው ማነው? እኔ ነኝ?»

«የእርስዎ እህትስ? የወንድምዎ ሚስትስ? እነሱም እኮ እዚያው ናቸው!»

«እነሱን በራዲዮ የጠራ የለማ» አለ ዶክተር ኦታሲሊዮ። ትከሻውን መታ መታ አደረገውና ወጣ። የቡናውንም ሒሳብ ቫልዲቪኖ ላይ ጥሎ።

ቦቴዋ አሁንም ወደ ካታቬንቶ አልሄደችም።

ምክር ቤቱ በሚቀጥለው ሲሰበሰብ አክስቴ ኤርሜሊንዳ መጡ። በየስብሰባው መጀመሪያ ማንም ዜጋ ተመዝግቦ አምስት ደቂቃ መናገር ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ውሻ ጩኸት የሚያወራ አንድ ጡረተኛ ነው የሚመጣው። የዚያን ቀን አክስቴ በእኔ ክንድ ተደግፈው እስከ ማይክራፎኑ ሄዱ። ቫልዲቪኖ ሲያያቸው የወረቀቶቹን ጫፍ ያስተካክል ጀመር።

«ኤርሜሊንዳ ነኝ፣ ከካታቬንቶ» አሉ። ማይክራፎኑ ከፍ ብሎባቸው ዝቅ አደረግኩላቸው። «በእኔ ስም ድምፅ ተሰጥቷል። በራዲዮ ሰማሁት። ውሃችንን የወሰደውን ሰው ወንበሩ ላይ ያቆየው ድምፅ ለእኔ መታሰቢያ ነው ተባለ። መንደር ውስጥ ሴቶቹ ባልዲያቸውን ይዘው ሲያልፉ ቀና ብዬ አላያቸውም። እኔ አልሞትኩም፤ መታሰቢያም አልጠየቅኩም። ስሜን መልሱልኝ።»

«ዶና ኤርሜሊንዳ» አለች ዶና ዙሌይካ፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አንዴ የተሰጠ ድምፅ አይመለስም።»

«ድምፁን ያዙት። እኔ የምላችሁ ስሜን ነው።»

ዶና ዙሌይካ ከጸሐፊው ጋር ተንሾካሸከች። ከዚያ፣ ድምፅ ሰጪው ራሱ ተነስቶ የመታሰቢያ ስም ሊያወጣ እንደሚችል፣ እሱ ካልፈለገም ምክር ቤቱ ሊወስን እንደሚችል ተናገረች። አክስቴ ይህን ሲሰሙ ወደ ሰብሳቢዋ ማየት ተዉ።

«ቫልዲቪኖ፣ ልጄ» አሉ። «አንተው አውጣልኝ።»

የሚያጣው ነገር አልነበረም እኮ! ሥራ የሚያጡ ዘመዶች የሉም፣ የሚነሳ ከንቲባ የለም። ተነስቶ አንዲት ቃል ቢል እናቱ ናቸው፣ ይቅር ብለውት አብረውት ወደ ቤት ይሄዱ ነበር። በውስጤ «ተነስ፣ አንተ ሰው፣ ተነስ» እያልኩ እለምነው ነበር።

«የተከበሩ ቫልዲቪኖ፣ ስሙን ራስዎ ያወጡታል ወይስ ለምክር ቤቱ ላቅርበው?»

ቫልዲቪኖ የወረቀቶቹን ጫፍ እንደገና አስተካከለ።

«ምክር ቤቱ... ምክር ቤቱ ይወስን» አለ።

የማንንም ወንበር የማይነካ ጉዳይ ስለሆነ ማንም ንግግር አላደረገም። ዶና ዙሌይካ «የዶና ኤርሜሊንዳ ስም ይውጣ የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አለች። ታናሹ አወጣ። የእግር ኳሱ ሰውዬ አወጣ። ባለፋርማሲው አወጣ። ዶና ዙሌይካም የራሷን አወጣች።

አክስቴ ልጃቸውን እያዩ ነበር። ቫልዲቪኖ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ስምንት እጅ ቆጠረ፤ ከዚያ የራሱን አወጣ።